የልጄ አንደኛ ዓመት ልደት ካላምባ ውስጥ፤ አማቴ 150 ሰው ይጠራ ብለዋል

የላጉና አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፊሊፒንስ የምትኖሩ፣ በተለይ ከአገሩ ሰው ጋር ትዳር የመሠረታችሁ ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምኖረው ላጉና ክፍለ ሀገር፣ ካላምባ ነው። ባለቤቴ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ሴት ልጃችን ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ዓመት ይሞላታል።

እኔ ያሰብኩት ቀለል ያለ ነገር ነበር። አንድ ኬክ፣ አንድ ሻማ፣ የባለቤቴ ወላጆች፣ ሁለት ሦስት ጓደኛ፣ ፎቶ ተነስተን በቃ። ልጅቷ እንደሆነ ምኑንም አታስታውሰው። አማቴ ግን ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ደብተር አወጡና ስም መጻፍ ጀመሩ። ጎረቤቱን በሙሉ፣ የባለቤቴን የድሮ የሥራ ባልደረቦች፣ ከባታንጋስ የሚመጡ የአክስት ልጆችን፣ እኔ መልካቸውን እንኳ የማላውቃቸውን ሁሉ ጻፉና መጨረሻ ላይ ሲቆጥሩት 150 ሆነ። ጥምቀቱም፣ ቢንያግ የሚሉት፣ ጠዋት በዚያው ቀን ይደረግና ወጪው አንድ ይሁን ተብሏል። (የጥምቀቱን ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ጨርሰናል፣ ጥያቄዬ እሱ ላይ አይደለም።) የክርስትና አባትና እናት ተብለው የተጻፉት ብቻ 16 ናቸው።

ምግቡ ደግሞ ሌቾን፣ ማለትም ሙሉ የአሳማ ጥብስ፣ ከዚያ ፓንሲት፣ ስፓጌቲ፣ እንደ ሳምቡሳ ያለ ሉምፒያ፣ ኬክ፣ በጋሪ የሚመጣ አይስክሬም፣ ዝርዝሩ አያልቅም። እኔ አሳማ አልበላም፣ ቤተሰቡም ያውቃል። ግን በልጄ ልደት ቀን ጠረጴዛው መሃል አሳማ ተጋድሞ እኔ ምን እንደምሆን አላውቅም። የባለቤቴ አጎት ከአሁኑ ጓሮ ቁጭ ብለው ቀርከሃ እየሰነጠቁ ነው። ለምንድን ነው ስላቸው "ለፓቢቲን" ይሉኛል። ፓቢቲን ምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ግን አጣሁ፤ ሁሉም "ታየዋለህ" ነው መልሱ።

ያስጨነቀኝ ገንዘቡ ነው። ለዚህ ብለን መመደብ የምንችለው ቢበዛ 40 ሺህ ፔሶ ነው። የባለቤቴ ወንድም ጭራሽ ከፋይቭ ሲክስ አበዳሪ እንውሰድ የሚል ሐሳብ አመጣ። ባለቤቴ መሃል ላይ ተጨንቃለች። እናቷን እምቢ ማለት አትችልም፣ እኔንም ማስቸገር አልፈለገችም። ሳላስቀይማቸው ምኑን መቀነስ እችላለሁ? ምኑንስ መንካት የለብኝም? ደግሞ አንድ ሰው "ይሄ ገና መጀመሪያው ነው፣ 7ኛውና 18ኛው ይመጣል" አለኝ። እውነት ነው?

እናት ከኬሶን ሲቲ፦

እንኳን ለዚህ አደረሳችሁ ወንድሜ፣ ልጅህን ያሳድግልህ። እዚህ አገር 11 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ፊሊፒኖ ነው፣ ሦስት ልጆች አሉን፣ የሦስቱንም የአንድ ዓመት ልደት ደግሻለሁ። የመጀመሪያው ላይ ልክ እንዳንተ ነበር ያሰብኩት፣ በኋላ ነው የገባኝ።

አማትህ ደብተሩ ላይ የጻፏቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ አንድ በአንድ ጠይቃቸው። ሕፃኗ ያተኮሳት ሌሊት ከጎናችሁ ያደረችው፣ ባለቤትህ ስትወልድ ሾርባ ይዛ የመጣችው፣ ነገ እናንተ ሥራ ስትውሉ ልጅቷን ከትምህርት ቤት የምትቀበለው ጎረቤት፣ እነሱ ናቸው። ልጅቷን አብረው የሚያሳድጉትን ሰዎች አብልቶ ማመስገን ነው የአንድ ዓመቱ ድግስ። ስለዚህ የእኔ ምክር፣ ሰው አትቀንስ፣ ምግብ ቀንስ። እኔ በመጀመሪያ ልጄ ላይ በተቃራኒው አድርጌው ነበር፤ ምግቡን አሳምሬ 30 ሰው ጠራሁ፣ ያልተጠሩት ጎረቤቶች ቂም አልያዙብኝም፣ ግን ለወራት ሲያገኙኝ "ልጁ ደህና ነው?" ብለው ያልፉ ነበር፣ ያ ጨዋነታቸው ነው የከበደኝ።

እዚህ ድግስ ሲባል ቀድሞ የሚጠየቀው ሃንዳ ነው። ሃንዳ ለእንግዳ የሚቀርበው ምግብ ነው። ልደት መሆኑን የሰማ ሁሉ "ሃንዳ አለ?" ይልሃል፣ ቀጥሎም "ፓንሲት ብቻ ቢሆንም!" ይላል። ይቺን አባባል ያዛት፣ ታድንሃለች። ፓንሲት ያቀረበ ሰው ደግሷል። ፓንሲት ያላቀረበ ግን ሌቾን ቢያጋድም እንኳ ጎድሎበታል።

ፓንሲት ከቻይና ሰዎች ጋር የመጣ ኑድል ነው፣ ስሙም ከሆኪየን ቋንቋ የተወሰደ ነው። ረጅምነቱ ረጅም ዕድሜ ነው ተብሎ ስለሚታመን አይቆረጥም። እኔ ይሄን ሳላውቅ ለልጆቹ እንዲመቻቸው ብዬ በመቀስ እየቆራረጥኩ ሳህን ላይ ሳወጣ አማቴ አዩኝ። ምንም አልተናገሩኝም። መቀሱን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱት፣ ያንን ሳህን ወደ ጎን አደረጉና ለልጄ የሚሆን ሌላ ፓንሲት ከመጀመሪያው አነሱ፣ ሽንኩርቱን መክተፍ ጀምረው። እንግዳ በር ላይ ቆሟል እኮ! ከዚያ ቀን በኋላ መቀስ ወደ ፓንሲት አላስጠጋም። በቢላኦ ታዘዋለህ፤ ቢላኦ የእኛ ሰፌድ ነው፣ የሙዝ ቅጠል አንጥፈው ይሞሉታል፣ ትልቁ አንዱ ከ15 ሰው በላይ ያበላል። ስምንት ቢላኦ ሠፈሩን ይበቃል።

ስፓጌቲውንም አትንካባቸው። ጣፋጭ ነው፣ ቀይ ቋሊማ እየተከተፈ ይገባበታል፣ ስጎው በሙዝ ኬቻፕ ነው የሚሠራው። አዎ፣ በሙዝ። ቲማቲም እንደልብ ስለማይገኝ ከሙዝ ኬቻፕ የመሥራቱ ሐሳብ የማሪያ ኦሮሳ ነው ይባላል፤ የባታንጋስ፣ የታል ተወላጅ የሆነች የምግብ ሳይንቲስት ናት፣ በ1945 የማኒላ ጦርነት ነው የሞተችው። ከባታንጋስ የሚመጡት ዘመዶች ፊት ስሟን ብታነሳ ፊታቸው ይበራል። አንዳንድ ሐበሻ ስፓጌቲውን "ልናስተካክለው" ብሎ የጣልያን ያደርገዋል። ልጆቹ አይበሉልህም።

ገንዘቡን በተመለከተ። ፋይቭ ሲክስ ማለት አምስት ተበድረህ ስድስት የምትመልስበት ነው፣ ወለዱ 20 በመቶ ነው፣ ያውም በአጭር ጊዜ የሚከፈል። ለልደት ብለህ እዚያ ውስጥ እንዳትገባ፣ እለምንሃለሁ። ባለቤትህ ለዘመዶቿ ድግሱን በጊዜ ትንገራቸው። "ሳጎት ኮ" የሚሉት ነገር አለ፣ "በእኔ ነው" እንደማለት ነው። አንዷ ኬኩ በእኔ ነው ትላለች፣ ሌላው ለስላሳው በእኔ፣ የሌላዋ ባል ፊኛውን። አንተ መጠየቅ የለብህም፣ ደስም አይልም። ቀኑን ካወቁ ራሳቸው ይላሉ። ሂያ የሚሉት የእኛ ይሉኝታ ነው፣ አንተ ላይ ብቻ ሳይሆን እነሱም ላይ ይሠራል።

ቦታ ደግሞ የባራንጋያችሁን፣ ማለትም የቀበሌያችሁን፣ ጣሪያ ያለውን የቅርጫት ኳስ ሜዳ ጠይቁ። ወንበርና ጠረጴዛም ያውሳሉ። ዝናብ ቢመጣም አትጨነቅም።

ከሴቡ፦

ስለ አሳማው እኔ ልመልስልህ፣ ምክንያቱም እኔም አልበላም፣ የምኖረው ደግሞ ሴቡ ነው፣ በአገሩ በሌቾን ስሙ የገነነው ደሴት ላይ። እዚህ ሆዱ ውስጥ የሎሚ ሣርና ነጭ ሽንኩርት እየጠቀጠቁ በከሰል ላይ ለሰዓታት ያዞሩታል፣ ስጎ አይጨምሩበትም። እናንተ አካባቢ ግን ከጉበት በሚሠራ ስጎ ነው የሚበላው፣ ብዙ ሰውም ከኬሶን ሲቲ፣ ከላ ሎማ ነው የሚያዘው።

ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ለብዙ ሰው የሚሆነው ከ10 ሺህ ፔሶ በላይ ይሄዳል። ከአንተ በጀት ሩቡ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የውጭ አገር ዘመድ በእኔ ነው ካላለ ተወው። በምትኩ ሌቾን ማኖክ አለ፣ ሙሉ ዶሮ በከሰል የተጠበሰ፣ በየመንገዱ ይሸጣል። አሥራ ሁለቱን ቆራርጠህ ብትደረድር ጠረጴዛው ይሞላል፣ አንተም ትበላለህ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። አሳማ የሚታየው ሌቾኑ ላይ ብቻ አይደለም። ሉምፒያው ውስጥ አለ፣ ፓንሲቱ ላይ ጣል ጣል ይደረጋል፣ የስፓጌቲው ሥጋና ቋሊማም ብዙ ጊዜ አሳማ ነው። ከቢላኦዎቹ ሁለቱን በዶሮ ወይም በሽሪምፕ ብቻ ይሁን ብለህ እዘዝ፣ ለብቻው ጠረጴዛም አስቀምጠው። ይሄ ለአንተ ብቻ አይጠቅምም። ጎረቤት ሙስሊም ካለ ይበላል። የኢግሌሲያ ኒ ክሪስቶ ቤተ ክርስቲያን አባላት ካሉ ደግሞ እነሱ ዲኑጉዋን የሚባለውን የደም ወጥ አይነኩም፣ ይሄን አማትህ ያውቁታል። የእኔ አማት በልጃችን ልደት ቀን የእኔን ድስት በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ማንኪያውን ከጨርቁ ጋር አስረውት፣ ማንም እንዳይነካው ከአጠገቡ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ሲበላ እሳቸው ድስት ይጠብቃሉ። ያንን ሳይ ሌቾኑ ያስጨነቀኝን ያህል አፈርኩ።

ከእህታችን ግን በአንድ ነገር አልስማማም። 150 ሰው ለ40 ሺህ ፔሶ ብዙ ነው። እኛ ጆሊቢ የሚባለው ምግብ ቤት ነው ያደረግነው፣ 40 ሰው። በ1975 ኩባኦ ውስጥ አይስክሬም ቤት ሆኖ የተጀመረው ድርጅት ዛሬ የልጆች ልደት ሲባል ስሙ ቀድሞ የሚነሳ ነው። አዳራሹ፣ ዶሮው፣ ስፓጌቲው፣ ጨዋታ የሚያጫውተው ሰው፣ ለልጆች የሚሰጠው ከረጢት፣ ሁሉም በጥቅል ነው። ምንም አታጥብም፣ ምንም አትጠርግም። ቀይና ቢጫው ትልቁ ንብ ወጥቶ ሲጨፍር ልጆቹ ያብዳሉ። የእኔ ልጅ ግን አንድ ዓመቱ ነዋ፣ ንቡን ሲያይ ጮኾ አንገቴ ውስጥ ተወሸቀ፣ ፎቶዎቹ ሁሉ ላይ የሚታየው ማጅራቱ ነው። ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጅ የተሻለ ይመስለኛል።

እናት ከኬሶን ሲቲ፦

ጆሊቢን እኔም ለሁለተኛው ልጄ 5ኛ ዓመት አድርጌዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ግን እዚያ የሚከፈለው በሰው ቁጥር ነው። ሰው በቁጥር ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የሚሰረዙት አሮጊቶቹ ጎረቤቶች ናቸው። ሜዳው ላይ ግን አንድ ሳህን ፓንሲት ለአንድ ተጨማሪ ሰው ምንም አይደለም። መምጣት ያልቻለም ሳህኑ ቤቱ ድረስ ይላክለታል፣ ይሄንን እንዳትረሳ። የመጣውም ሲሄድ ለቤት የሚሆን ይቋጥራል፣ ነውር አይደለም። ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ሳህኖችና ላስቲክ አስቀድመህ ግዛ።

የላጉና አባት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ባለቤቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ መልሶቻችሁን እየተረጎምኩላት ሰማች። "ሳጎት ኮ" ላይ ስደርስ ሳቀችና ስልኳን አንስታ ሳዑዲ ለምትሠራ አክስቷ ደወለች። አክስቷ ሌቾኑ በእኔ ነው አሉ፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እናም ሌቾን አለ ማለት ነው፣ እኔም ሁለት ቢላኦ በዶሮ አዝዣለሁ።

የቀረኝ 16ቱ የክርስትና አባትና እናት ናቸው። ለምን 16? ቤተ ክርስቲያኑስ ይፈቅዳል? ደግሞ አንዷ ዘመድ ሕፃኗን ስታቅፍ "ፕዌራ ኡሶግ" እያለች በምራቋ ሆዷን ልትነካ ስትል ልጄን ነጠቅኳት፣ ቅር ተሰኝታለች መሰለኝ። ምንድን ነው እሱ?

ተማሪ ከዳቫዎ፦

እኔ አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም፣ ግን እዚህ ስማር በቆየሁባቸው ዓመታት የሦስት ልጆች ኒኖንግ ሆኛለሁ። ኒኖንግ የክርስትና አባት፣ ኒናንግ የክርስትና እናት ነው። ከዚያኛው ወገን ሆኜ ልንገርህ።

በካቶሊክ ሥርዓት የሚያስፈልገው አንድ ነው፣ ቢበዛ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሌሎቹ 14ቱ ተጨማሪ ምስክሮች ናቸው። ስለዚህ ከባለቤትህ ጋር ተቀመጡና ሁለቱን ዋና በጥንቃቄ ምረጡ፣ ካቶሊክ መሆናቸውንና ሜሮን መቀበላቸውን አጣሩ። የቀሩትን ለአማትህ ተዉላቸው። ብዛቱ የሚገርምህ ትርጉሙን ስላላየኸው ነው። ዋናው ጉዳይ ከልጅቷ ጋር ብቻ አይደለም፣ ከአንተ ጋር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ለእነሱ ኩምፓሬ ትሆናለህ፣ ባለቤትህ ኩማሬ። አበልጅ ማለት ነው፣ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። እንደ እኔ ያለ ወላጅ አጠገቡ የሌለው ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ማን እንደመጣ ልንገርህ? ኩምፓሬዬ። ሦስት ሌሊት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ አደረ።

ኒኖንግ ሁን የተባለ ሰው እምቢ አይልም፣ እምቢ ማለት መጥፎ ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ የምትጠይቀውን ሰው አቅሙን አስብለት። በጥምቀቱ ቀን ፓኪምኪም የሚባል ገንዘብ ይሰጣል፣ በሕፃኑ መዳፍ ውስጥ ነው የሚደረገው፤ ቃሉም ጨብጦ መያዝን ነው የሚያመለክተው። ከዚያ በየዓመቱ ገና ሲደርስ ልጆቹ ይመጣሉ፣ እጄን ይዘው ግንባራቸውን ያስነካሉ፣ ማኖ ይባላል፣ እኔም አጊናልዶ እሰጣለሁ፣ አዲስ ኖት ከባንክ አውጥቼ። ብዙ አይደለም፣ ግን ኅዳር ላይ ማስቀመጥ እጀምራለሁ።

ኡሶግን በተመለከተ፣ ሴትዮዋ ልጅህን ልትጠብቃት ነው የሞከረችው። እንግዳ ሰው ሕፃን ሲያደንቅ ሕፃኑ ሆዱን ይነፋዋል፣ ያለቅሳል፣ ያተኩሰዋል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ያደነቀው ሰው ራሱ "ፕዌራ ኡሶግ" ይላል፣ በጣቱ ምራቁን ነካ አድርጎ ሆድ ወይም እግር ላይ ያስነካል። እኛ ቤት አያቶቻችን ሕፃን ቆንጆ ሲባል እንትፍ እንትፍ አይሉም ነበር? ምራቁ ለጤና ካስጨነቀህ ትክክል ነህ፣ ግን ልጁን አትንጠቅ። ሎላ፣ ማለትም አያት፣ የምትላቸውን አሮጊት በትሕትና ቃሉን ብቻ እንዲሉ ጠይቅ፣ አብዛኞቹ በቃሉ ይረካሉ። ቀይና ጥቁር ዶቃ ያለው አምባርም ያደርጉላታል፣ ለዚሁ ነው። ዶቃው እንዳይፈታና እንዳትውጠው ክሩን ብቻ ተመልከት። ለዘመዷ ደግሞ ፓንሲት ይዘህ ሂድ።

የባለዴቡዋ አባት፣ ኢሎይሎ፦

ስለ 7ኛውና 18ኛው ስላነሳህ። እውነት ነው። በ7 ዓመት ብዙ ቤተሰብ ለሴት ልጅ ረዘም ያለ ቀሚስ አልብሶ 7 ጽጌረዳ፣ 7 ሻማ ያደርጋል፣ የ18ኛው ትንሽ አምሳያ ነው። ዋናው ግን 18ኛው ነው፣ ዴቡ ይባላል። ለወንዶች 21ኛው ነው የሚከበረው፣ እንደ ሴቶቹ ግን አይገንንም። አገሩ የአዋቂነትን ዕድሜ ከ21 ወደ 18 ያወረደው በ1989 በወጣው ሪፐብሊክ አክት 6809 ነው፣ ለዚህ ይመስለኛል 21 የሚለው ቁጥር አሁንም በሰው አፍ ያለው።

የልጄን ባለፈው ዓመት አደረግን። 18 ወንዶች ተራ በተራ ጽጌረዳ እየሰጡ ከልጅቷ ጋር ይጨፍራሉ። 18 ሴቶች ደግሞ ሻማ እየለኮሱ የልባቸውን ይናገሩላታል። ዘጠኝ ጥንድ ወጣቶች ለሳምንታት የተለማመዱትን ዋልዝ ያሳያሉ። 18ኛው ጽጌረዳ ብዙውን ጊዜ የአባት ነው። እኔ በሕይወቴ ዋልዝ ጨፍሬ አላውቅም። ልጄ ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ጫማዋን አውልቃ አስተማረችኝ። ዕለቱ ሲደርስ እንደገና ተደነባበርኩ፣ እሷ ግን በጆሮዬ "አባ፣ ቁጠር" አለችኝ፣ በአማርኛ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ጨረስኩት።

ወጪው ከፍተኛ ነው፣ አልዋሽህም። ብዙ ልጆች አሁን በድግሱ ፈንታ ጉዞ ወይም የትምህርት ገንዘብ ይመርጣሉ፣ ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ ልጅቷን ጠይቃት። ግን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ከዛሬ አስቀምጥ፣ 17 ዓመት አለህ።

እናት ከኬሶን ሲቲ፦

ፓቢቲኑን ማንም ሳይነግርህ ቀረ። የቀርከሃ ፍርግርግ ነው፣ እንደ ትንሽ ጣሪያ። ከረሜላ፣ ብስኩት፣ አሻንጉሊት፣ የታጠፈ ብር ይንጠለጠልበታል። ገመዱ በማገር ላይ ያልፍና አንድ ትልቅ ሰው ጫፉን ይይዛል። ልጆቹ ሥሩ ይሰበሰባሉ፣ ፍርግርጉ ዝቅ ይላል፣ ሊይዙት ሲዘሉ ከፍ ይላል፣ እንደገና ዝቅ። አጎትየው ገመዱን ለራሳቸው እንደያዙት አትጠራጠር። ባለልደቷን መጀመሪያ አንተ ትከሻህ ላይ አድርገህ ታነሳታለህ፣ የፈለገችውን ትበጥሳለች፣ ከዚያ ነው ሌሎቹ የሚለቀቁት። ትንንሾቹ እንዳይረገጡ በዕድሜ ሁለት ቦታ ክፈሏቸው፣ ከሁሉም በላይ ይሄን አደራ። የሸክላ ድስት ዓይን ታስሮ በዱላ የሚሰበርበት ጨዋታም ካለ ስባሪውን ወዲያው የሚጠርግ ሰው መድብ፣ ልጆቹ በባዶ እግራቸው ነው ለከረሜላው የሚወድቁት።

ግብዣው 9 ሰዓት ነው ካልክ ሰው 10 ሰዓት ተኩል ይመጣል፣ አትደንግጥ። ቪዲዮኬ፣ የካራኦኬ ማሽኑን፣ ካስገባችሁ ደግሞ ብዙ ቦታ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስለሚከለከል ባራንጋዩን ጠይቁ። የመጀመሪያ ጸጉሯንም ያን ሰሞን የምትቆርጡ ከሆነ አማትህ መጽሐፍ ውስጥ ሊያስቀምጡት ይችላሉ፣ ጎበዝ ተማሪ ትሁን ብለው። ወፍራም መጽሐፍ ስጣቸው።

የላጉና አባት፦

ድግሱ አለፈ። እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ።

ወደ 130 ሰው መጣ። ዝናቡ ከጠዋቱ ጀምሮ ሲወርድ ዋለ፣ የሜዳው ጣሪያ ላይ ሲያስተጋባ ቪዲዮኬውን አሸንፎት ነበር። ከኪሳችን የወጣው 36 ሺህ ፔሶ ነው፣ አንድም ሰው ጋ ብድር አልሄድንም። ኬኩ የባለቤቴ ጓደኛ፣ ወንበሩ የባራንጋዩ፣ ሌቾኑ የአክስቷ። ያቺ የተቀየመችኝ ዘመድ ፓንሲቱን ይዤ ቤቷ የሄድኩ ቀን በር ላይ አቀፈችኝ፣ በድግሱም ዕለት ሳህን ስታጥብ ነው ያመሸችው። ፓንሲቱን ማንም አልቆረጠውም። የእኔን ሁለት ቢላኦ አማቴ ከሌቾኑ ራቅ ወዳለው ጠረጴዛ ወስደው በሙዝ ቅጠል ከደኑት፣ ወረቀት ላይ ስሜን ጻፉበት። ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፣ ወረቀቱን ግን አስቀምጬዋለሁ።

ፓቢቲኑ ሲወርድ ልጄን ትከሻዬ ላይ አነሳኋት። ከረሜላውንም አሻንጉሊቱንም ትታ የቀርከሃውን ጫፍ ያዘች። አጎትየው ገመዱን ቢስቡ አልለቅ አለች፣ ቢለቁላት አልለቅ አለች፣ ሕፃናቱ ከታች እየጮኹ እሳቸው ራሳቸው እስኪያነቡ ሳቁ።

ጥምቀቱ ላይ ግን የሆነውን አልረሳውም። ከቤታችን ሦስተኛው በር ላይ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሩዝ ኬክ የሚሸጡ። ከ16ቱ አንዷ ናቸው፣ አቅማቸውን አስቤ ከደብተሩ ላይ እናውጣቸው ብዬም ነበር፣ አማቴ ዝም ብለው አዩኝና ስማቸውን ደግመው አደመቁት። ተራቸው ሲደርስ የተጣጠፈ የ100 ፔሶ ኖት ከመሐረባቸው ፈትተው በልጄ መዳፍ ውስጥ አኖሩና ጣቶቿን በእጃቸው ከደኑላት። ልጄ ጨበጠችው። ምግብ ሲቀርብላት በሌላው እጇ በላች። እንቅልፍ ሲወስዳት ይዛው ነበር። ማታ ልብሷን ስንቀይርላት ባለቤቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታችና ኖቱን አወጣችው፣ በላብ ርሶ ነበር። ፎጣ ላይ ዘርግታ አደረቀችውና አማቴ የ150ውን ሰው ስም በጻፉበት ደብተር ውስጥ፣ የሴትዮዋ ስም ካለበት ገጽ ላይ አስቀመጠችው።